ባህል ጠባቂው ወንድሜ፣ ገንፎ ማገንፋት ትችላለህ?

ይህን አንብባችሁ የምትቆጡብኝ ትኖራላችሁ። ተቆጡ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ሰው ከመሬት መንቀጥቀጡ ሸሽቶ በላስቲክና በድንኳን ስር በነበረ ጊዜ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ያሰባሰብነውን ልብስ ይዘን ሄደን ነበር። እዚያ አንድ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ አየሁ። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ መኪና እየሠራ ነው። መኪና ስላችሁ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። ተሳቢ ያለው፣ በአዋሽ በኩል ቀን ከሌሊት ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ዓይነት ነው። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ። መሪው ረጅም ሽቦ፣ ቆሞ እየሄደ የሚነዳበት። በሩ ላይ ደግሞ ሁለት የሚጨባበጡ እጆች አሉ፤ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት «ከአሜሪካ ሕዝብ» የምትለዋ አርማ።

ስልኬን አወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፖስቱን በሐሳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ለአገሩ ጨው የሚያበላ ሕዝብ ልጆቹ በእርዳታ ቆርቆሮ ይጫወታሉ፣ ምናምን። ልጁ ግን ቀና ብሎ አየኝና «አታንሳው፣ ገና አላለቀም። መብራት ይቀረዋል» አለኝ።

ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት። እኔ አርማውን ሳይ እሱ በር ነው የሚያየው።

በዚያው ጥር ወር አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን አገደ። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2015 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለማይገባው እየደረሰ ነው ብለው ለመላ ኢትዮጵያ የሚሰጡትን ምግብ ለወራት አቁመው ነበር። የወሰደው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። ስለዚህ ነገር በዚህ ገጽ ብዙ ብለናል፣ ልክም ነን። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ዋሽንግተን አይደለም፣ ስለ ጓዳችን ነው።

እስቲ የራሳችንን ጉድ እናውራ። አንዲት አፋር እናት ሰሌን ስትሠራ የሚያሳይ ፎቶ እዚህ ስንለጥፍ ላይኩ አይጣል ነው። ኮሜንቱም ያው ነው፦ «ባህላችን ይጠበቅ»፣ «የዘመኑ ሴቶች ግን...»። ከዚያ ይጀመራል። የዘመኑ እናት ለልጇ ኑድልስ ቀቅላ ታበላለች፣ የፕላስቲክ ኮተት ትገዛለች፣ ስልክ ከፍታ ታስቀምጠዋለች። ይህን የሚጽፈው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እንደኔ ያለ ወንድ ነው። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያላገኘ፣ ጥላ ስር ጋደም ብሎ ስልኩን የሚነካካ፣ ምሳውን እናቱ ወይም እህቱ የምታቀርብለት።

የአፋር ቤት የሚተከለውም የሚነቀለውም በሴት እጅ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዘንባባውን ቅጠል የምትሸምነው እሷ፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ እንጨት የምትለቅመው እሷ። ይህን ሁሉ ከሠራች በኋላ ባህል ጥሳለች ብለን የምንከሳትም እሷን ነው።

እኔም ጽፌያለሁ፣ አልክድም። ስለ ኑድልስ አንድ ነገር ለጥፌ እህቴ አነበበችው። ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራ ስትወጣ የሦስት ዓመት ልጇን እጄ ላይ አስቀምጣ «በል እንግዲህ፣ ባህሉን አብላው» ብላኝ ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳበላሁት ልንገራችሁ? ኑድልስ! ፌስታሉን ቀድጄ፣ ውሃ አፍልቼ፣ አምስት ደቂቃ። የአገሪቱ ጨው አብዛኛው የሚወጣው ከአፍዴራ ነው፣ የእኛ ምድር ነው እያልን እንፎክራለን። እኔ ግን በዚያ ቀን ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ከትንሿ ከረጢት ያራገፍኩትን የፋብሪካ ጨውና ማጣፈጫ ነው። ልጁ በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራበኝ አለ።

በሁለተኛው ቀን እናቴን ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ፣ ግን አሳየችኝ። የበቆሎና የማሽላ ዱቄቱ በመጀመሪያ ለብ ብሎ ይቆላል፣ ሽታው እስኪለወጥ። ከዚያ በፈላ ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማማሰል። እጅህ ካረፈ ይጓጉላል። መጨረሻ ላይ የፍየል ወተትና ቅቤ። የመጀመሪያዬ ከስር ያረረ፣ ከላይ ጥሬ ነበር። ውሻ እንኳ የሚያየው አልመሰለኝም፣ ልጁ ግን ሦስት ማንኪያ በላልኝ፣ አላህ ይስጠው። በባቡር ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ የአጃ አጥሚት እንዴት እንደሚቀጥን አሳዩኝ። አዋሽ ሰባት ኪሎ እንዲህ ያለ ከተማ ነው። ባቡሩ ከመጣ ጀምሮ የአፋሩ፣ የአርጎባው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የጉራጌው ጓዳ በአንድ አጥር ነው የሚገናኘው። የራስን መውደድ የጎረቤትን ድስት መጥላት ነው ያለን ማን ነው?

አሁን ገንፎው ደህና ነው። ግን ያወቅኩት ነገር የገንፎ ብቻ አይደለም። ከሰሉን ማያያዝ፣ ውሃ በጀሪካን ማምጣት፣ ድስቱን ማጠብ፣ ዱቄቱን ማስፈጨት፣ ልጁ እሳቱ ውስጥ እንዳይገባ በአንድ ዓይን መጠበቅ። አንድ ሙሉ ጠዋት ይሄዳል። እህቴ ይህን ሁሉ አድርጋ በሁለት ሰዓት ሥራ መግባት አለባት። ታዲያ ኑድልስ ብትገዛ ምን ይገርማል? የገዛችው እኮ አርባ ደቂቃ እንቅልፍ ነው።

ሰመራ ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ለሥራ ማስታወቂያ ሄጄ (አላገኘሁም፣ ተዉት) አንድ ጓደኛዬ ቤት አድሬ ነበር። ሚስቱ ቢሮ ትሠራለች፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፣ የሚኖሩት ሎግያ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን በዚያች ክፍል ከሰል አያይዛችሁ ገንፎ አገንፉ እስቲ። ግን ትልቁ ነገር ሙቀቱ አይደለም። ሰመራ የቢሮ ከተማ ነው፣ የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ያደገ። ወጣቱ ደመወዝ ፍለጋ መጣ፣ አያቶቹ አሳይታና አፋምቦ ቀሩ። ልጆቹን አያት አታሳድጋቸውም። ወተቱ የሚቀመጥበትን በጭስ የታጠነ ዕቃ ሽታ አያውቁትም። ድሮ አያት ትሠራው የነበረው ሥራ ባዶ ቀርቷል፤ ያንን ቦታ የሞላው ስልክና ፌስታል ነው። ጓደኛዬ ግን ከሥራ መልስ ምን ያደርጋል? እኛ ጋ መጥቶ ስለ ባህል ያወራል።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአፋር ልጆች 41 ከመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ ነበሩ። 18 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ከቁመታቸው አንጻር የከሱ ነበሩ፣ የአገሪቱ አማካይ ግን 10 ከመቶ ነበር። በመላ ኢትዮጵያ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂና የተሰባጠረ ምግብ ያገኙ የነበሩት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ድርቁ፣ መንግሥቱና ገበያው ያመጡት ነው፣ አዎ። ግን ልብ በሉ፣ በከተማ ወተት ሸጠን ብስኩት የምንገዛበት ጊዜም አለ። ያኛው የእኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፣ ምክንያቱም «የድሮ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ ልጅ ይገድላል። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስላስ፣ የፍየል ወተትና ስኳር ውሃ መስጠት አያቶቻችን ያደርጉት ነበር፤ ልክ አልነበረም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። ከስድስት ወር በኋላ ነው ገንፎው የሚጀመረው፣ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ማር አንድ ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። ገንፎውም በነጭ ዱቄት ብቻ ሆድ መሙያ ነው። ምስር ወይም ባቄላ ተፈጭቶ ይግባበት፣ እንቁላል ይግባበት፣ ከአሳይታ የሚመጣው ተምር ይፈጭበት። በጣም የከሳ፣ እግሩ ያበጠ ልጅ ካያችሁ ደግሞ ገንፎ እያላችሁ አትዘግዩ፣ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። እዚያ የሚሰጠው የለውዝ ቅቤ መሰል መድኃኒት ምግብ ብዙ ልጅ አትርፏል፣ አሁን አገር ውስጥም ይመረታል። በእሱ አልፎክርም፣ አላፍርበትምም።

ወደ መጫወቻው ልመለስ።

እኛ አፋሮች የምንኮራበትን ታውቃላችሁ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ዲኪካ ላይ ሰላም የተባለችው ተገኘች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት፣ ስትሞት ሦስት ዓመት አካባቢ የነበረች ሕፃን። ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። የሰው ልጅ በእጁ ሠርቶ ከተወልን ዕቃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ናቸው። ይህን በየሳምንቱ እንለጥፋለን። እሺ፣ የዛሬው የሦስት ዓመት ልጅስ? የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ምን ነበር? በዒድ የተገዛለት የፕላስቲክ ጠመንጃ። ቃታው ሲነካ የሚጮኽ። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ክልላችን ገብቶ ልጆቻችን ከእውነተኛው ጩኸት ሸሽተዋል፣ እኛ ደግሞ በበዓል ስጦታ ብለን የሐሰተኛውን እንገዛላቸዋለን። ባትሪው በሦስተኛው ቀን አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ያ የድንኳኑ ልጅ ትዝ አለኝ። የተጣለ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ አሮጌ ነጠላ ጫማ ሰበሰብኩ። አንድ ቀን ፈጀብኝ፣ ጣቴንም ቆረጥኩ (የቆርቆሮውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ማጠፍ እንዳለብኝ የነገረኝ የጎረቤት ልጅ ነው፣ የስምንት ዓመት መሐንዲስ)። ሽቦውን ስቆርጥ ልጁ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ምንድን ነው? ይህስ? ለምን ታጥፈዋለህ? የገረመኝ እሱ ነው። በስልክ ካርቱን ሲያይ ሁለት ሰዓት አንድ ቃል አይወጣውም። ቀለም በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ግመልን ግን በቋንቋው ከአንድ ስም በላይ አያውቅም ነበር። ለወለደችው፣ ላልወለደችው፣ ለምትጫነው የተለያየ ስም ያለው ሕዝብ ልጅ! መኪናው ላይ ምን እንጫን ስንባባል ግመል እንጫን አለ፣ ጠጠር ለቅመን ግመል አደረግን። ትልቋ እናት፣ ትንሿ ግልገል፣ ነጯ የአያቱ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስማቸውን ትጠራለች፣ እሱ ይደግማል። አፋርኛ በመፈክር ሲወርስ አላየሁም። በጠጠር ግን አየሁ።

ሴቶቹን አንርሳ። ከሰመራ እስከ መልካ ወረር ያለው የአዋሽ ሸለቆ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ጥጥ ያበቀለ ምድር ነው። በአሚባራ ጥጥ የተሞላች የጨርቅ አሻንጉሊት፣ አሮጌ ሻሽ ለብሳ፣ ፀጉሯ በአፋር ሥርዓት ተሠርቶ፣ የት ገበያ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ያየሁት ቢጫ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላትን ነው፣ በዚያው በጅቡቲ መንገድ የመጣችውን። አብዛኛው የአገሪቱ የገቢ ዕቃ በደጃችን ያልፋል፤ እኛ የምንጠቀመው አቧራውንና ከመኪናው ላይ የሚወርደውን ኮተት ነው።

ኮሶንስ ስንቶቻችሁ ተጫውታችኋል? (መድኃኒቱን አይደለም፣ የሸዋ ጓደኞቼ ሁልጊዜ በዚህ ይስቃሉ።) የእኛን ጨዋታ፣ ከፍየል ቆዳ ጥቅልል በተሠራች ኳስ የሚሮጥበትን። ስለ እሷ የሚያወራ ፖስት አይቻለሁ። ኳሷን መሥራት የሚችል የእኔ ዕድሜ ልጅ ግን በሰፈሬ አላገኘሁም። አንድ ሽማግሌ ለምነን ነው ያሠራነው።

አሁን ይሄን ለምን እዚህ ገጽ ላይ ታመጣዋለህ፣ እኛ የምንታገለው ለትልቅ ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል። ሕንድን ተመልከቱ። በ2020 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ በውጭ መጫወቻ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከ20 ወደ 60 ከመቶ አወጣው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በሬዲዮ የአገራችሁን አሻንጉሊት ሥሩ፣ ግዙ ብለው ተናገሩ። ያን ያህል ትልቅ አገር የልጅ መጫወቻን የአገር ጉዳይ አድርጎታል። እኛ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የለንም። ሽቦ ግን አለን። ደርጊ ሀራ አለን፤ ያ በግጦሻችን ላይ የተንሰራፋ እሾኻም ዛፍ፣ ለከሰል ብቻ የምናነደው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ከእሱ የሚቀረጽ ግመልና መኪና ለምን አይኖርም? በየቀበሌው «ኦ» ክፍል እየተከፈተ ነው፣ መጫወቻ ይገዛል። ያንን ግዢ ለምን ሥራ አጥ የሆነው ወጣት አይሠራውም? የእኛ እንቅስቃሴ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ደብዳቤ ይጻፍ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሠርተን ይዘን እንሂድ ግን፣ በባዶ እጅ ጥያቄ ሰልችቷቸዋል። ጠርዙ የታጠፈ፣ ልጅ አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር የሌለው፣ ቀለሙ የማይላጥ። ይህን ካላሟላን የፕላስቲኩ ይሻላል፣ ልክ ናቸው ቢመልሱን።

ጓደኞቼ ምን እንዳሉኝ መገመት ትችላላችሁ። «ሴት ሆንክ እንዴ?» «ሞግዚት ተቀጠርክ አሉ!» አንዱ እንዲያውም ሳማስል ፎቶ አንስቶኝ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ይልቀቀው። ግመል የምናልብ፣ ፍየል የምናርድ፣ በረሃ ላይ ሥጋ በድንጋይ የምንጠብስ ወንዶች፣ ቤት ስንገባ ነው ማንኪያ የሚከብደን? የአፋር ወንድ ምግብ መሥራት ያውቃል እኮ፣ ለራሱ ሲሆን።

ዳጉ ስንለዋወጥ የሐሰት ወሬ ማውራት ነውር ነው፣ ተቀምጠህ ያየኸውንና የሰማኸውን ነው የምትናገረው። እኔም ያየሁትን ነው የተናገርኩት። የእህቴ ልጅ አሁን ቁርሱን ገንፎ ይበላል፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ኑድልስም ይበላል፣ እህቴ ስትደክም እኔም ስሰንፍ። መኪናው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ጠግነነዋል። የሁለተኛውን ጎማ የቀየረው ራሱ ነው።

በመጪው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አዋሽ ያላችሁ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ዛፎች ስር እንገናኝ። ያቺ የኮሶ ኳስ እዚያ ትኖራለች። ሽቦ፣ ቆርኪ፣ አሮጌ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ ቆርቆሮ ያለው ይዞ ይምጣ። መቀስ እኔ አለኝ፣ መዶሻ የለኝም። ታናናሽ ወንድምና እህቶቻችሁን፣ የእህቶቻችሁን ልጆች ይዛችሁ ኑ፣ እናቶቻቸው ለሁለት ሰዓት ይረፉ። ሰመራና ሎግያ ያላችሁ ቦታውንና ሰዓቱን እናንተው ወስኑና ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ገንፎውን እኔ አመጣለሁ፣ ቅቤ የሚያመጣ ሰው ግን ያስፈልገኛል።